ሽማግሌ ያልተመለሰበት ደጅ

የሰደበኝ አቶ ስማቸው ነው። ሽማግሌ የላክሁባት የሶስና አጎት፣ የአባቷ ታላቅ ወንድም፣ በጡረታ የተገለለ ርዕሰ መምህር። ቀኑም አይጠፋኝም፤ ጥር 2008 ዓ.ም.፣ የአስተርእዮ ማርያም ማግስት፣ እሑድ ረፋዱ ላይ ነው። ሽማግሌዎቼን ከአዲስ ቅዳም በአይሱዙዬ ጭኜ ዳንግላ አድርሼ፣ ራቅ ብዬ መጠበቅ ሲገባኝ ልቤ አልችል ብሎኝ ሳሎኑ መስኮት ሥር ተጠግቼ ነበር።

«የእኛ ልጅ የሰው ልብ ልትጠብቅ ባሕር ማዶ ትሻገራለች» አለ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምር ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የእናንተው ደግሞ የከሰል ጆንያውን ይጠብቅ። ለመሆኑ የእጁን ጥቁረት በምን ሊያስለቅቀው ነው?»

ተሳቀ። ማን ማን እንደሳቀ በድምፁ ለይቼዋለሁ።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ከዚያ ወዲህ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ስጭን፣ ኋላም ስነዳ ኖሬአለሁ። ከሶስና ጋር ያገናኘን የእህቴ የሸጋ ሕመም ነው። ሸጋ ከልጅነቷ ልቧ ይደክማል፤ ደረጃ ስትወጣ ከንፈሯ ይጠቁራል። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትል ምጡ ጠንቶባት እንጅባራ ወሰድኳት። በቀዶ ይውጣ ተባለ። ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ አንዲት ቀጭን ሐኪም ብቅ አለችና «እኔ እዚህ አላስተኛትም» አለች። ሰመመን የምትሰጠው እሷ ናት፤ ሶስና።

«ድሆች ስለሆንን ነው?» አልኳት።

«አይደለም። የልቧ ክዳን ጠቧል። ባስተኛት ላትነቃ ትችላለች። ባሕር ዳር እንሂድ፤ እኔም አብሬ እሄዳለሁ።»

ሄደችም። መንገዱን ሙሉ አምቡላንሱ ውስጥ ተንበርክካ፣ አንድ እጇ የሸጋ አንጓ ላይ ነበር። ሸጋ ስትፈራ አማርኛው ይጠፋትና በአገውኛ እናቷን ትጠራለች። ሶስና አገውኛ አትሰማም፤ ግን በተጣራች ቁጥር «አለሁ» ትላታለች።

እናትም ልጅም ተረፉ። ሐኪሟን ግቢው ውስጥ ዛፍ ተደግፋ ስታለቅስ አገኘኋት።

«ምነው ዶክተር? ተርፈውልናል እኮ። ምን ሆኑ?»

«ፈርቼ ነው» አለች። «ሰው ማስተኛት አውቃለሁ። የታመመ ልብ ያለውን ግን በደንብ አላውቅም።» ዓይኗን በነጭ ጋዎኗ እጅጌ ጠረገችው። «ደግሞ አንቺ በለኝ። የዳንግላ ልጅ ነኝ።»

የተማረ ሰው አላውቅም ሲል ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። እዚያው አለቀልኝ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከእንጅባራ ወደ ቤተሰቦቿ ስትሄድ ሚኒባስ መጋፋቱን ተወችው። ጋቢና እኔ ጋ ትቀመጣለች። ወንበሩን ቀድሜ አጥበዋለሁ፤ እሷ ደግሞ የታጠበ መሆኑን እያወቀች ነጠላዋን ሳታነጥፍ ትቀመጥበታለች። ብዙ ጊዜ ዝም እንላለን። ዝምታዋ ግን ሰው አያባርርም።

አንድ ቅዳሜ «ተሳካልኝ» አለች። «ትምህርቱ ህንድ አገር ነው። ፌሎሺፕ ይሉታል። ስፔሻሊስት ከሆኑ በኋላ የሚማሩት ነው። የልብ ቀዶ ሕክምና ሰመመን ብቻ።»

«ልቡን ሲቀድዱትማ ይመታል አይደል? እንዴት ይይዙታል?»

«እናቆመዋለን።»

መሪውን ይዤ ዞሬ አየኋት። «ታቆሙትና?»

«ማሽን ይተካዋል። እኔ ራስጌው ቆሜ ደሙን፣ ትንፋሹን፣ ሁሉን እጠብቃለሁ። ሲያልቅ ደግሞ ልቡ ራሱ እንዲነሣ ቀስ ብለን እንለቀዋለን።»

«እምቢ ካለስ?»

«እሱን ነው ልማር የምሄደው። መንገዱን እይ አንተ፤ ሁለታችንንም እዚሁ ልታስቀረን ነው።» ሳቀች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞራ፣ አንገቷ ቀልቶ፣ «ሳልሄድ አባቴ ጋ ሽማግሌ ላክ» አለች። «ታጭቼ ልሂድ።»

ላክሁ። የተባልኩትን ደግሞ ሰማሁ።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ፊታቸው ደህና ነበር። አያ እንየው፣ የአባቴ ወንድም፣ ጋቢና ገብቶ ጋቢውን እያስተካከለ «ቀንቶናል» አለኝ። «የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ ብለውናል።»

«የሰደበኝስ?»

«ሰማህ እንዴ? ተወው፤ ደንብ ነው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የት አለ? ከሴቷ ወገን አንዱ ማናናቅ አለበት። የሚስቴ ወንድሞች እኔን ምን እንዳሉኝ ብነግርህ አይሱዙውን ገደል ትከተው ነበር።»

«ተመልሰህ ደጁን ብትረግጥ እኔ የወንድምህ ልጅ አይደለሁም።»

«አበረ ልጄ፣ ልጅቱ ምን አጠፋች?»

ሞተሩን አስነሣሁ። ደንብ ይሁን አይሁን፣ የሳቁት ሰዎች ከልባቸው ነው የሳቁት።

በቀጠሮው እሑድ ጆንያ ስጭን ዋልኩ። ሶስና ደወለች፤ አላነሣሁም። ደግማ ደጋግማ ደወለች። ምን ልበላት? አጎትሽ እጄን ናቀው ልበላት? ከፋሲካ በኋላ መሄዷን ከሸጋ ሰማሁ።

በ2011 የልብ ሐኪሞች ከአዲስ አበባ መጥተው እንጅባራ ሕመምተኛ ያያሉ ተባለ። ሸጋን ይዤ ሄድኩ። ስሟን ጠርቶ ያስገባት ሌላ ሰው ነው፤ ስትወጣ ግን ሶስና ደግፋት ወጣች። ትንሽ ከስታለች። ጣቷን አየሁ፤ ቀለበት የለበትም።

«ክዳኗ ይቀየራል፤ አዲስ አበባ ትመጣለች» አለችኝ። «ራስጌዋ የምቆመው እኔ ነኝ። አትስጋ።»

ሸጋ ነገሩ ገብቷት ውኃ ልጠጣ ብላ ራቀችልን።

ያው የጋቢናው ዝምታ ነበር፤ ቦታው ብቻ ነው የተለወጠው።

«ያን እሑድ ጠብቄአችሁ ነበር» አለች። «አባዬ ሙክት አሳርዶ ነበር። ጋሼ ስማቸውም ለሽማግሌዎቹ ብሎ ከግምጃ ቤት ከተማ ማር አስመጥቶ፣ እስኪመሽ በረንዳው ላይ ተቀምጦ መንገድ ያይ ነበር።» ድምፏ ቀነሰ። «አበረ፣ ለምን አልተመለሳችሁም?»

አፌን ከፈትኩ። ከኋላዋ በሩ ተከፈተና አንድ ሽማግሌ በከዘራ እየተደገፈ ወጣ። አቶ ስማቸው ነው። ለልቡ ነው የመጣው፤ እግሮቹ አብጠው ጫማው አልዘጋ ብሎታል። አጠገቧ ሲደርስ ትንፋሽ አጥሮት ቆመ፣ አየኝ፣ ባርኔጣውንም አነሣልኝ።

«ይሄ ጨዋ የማን ልጅ ነው?»

«የአዲስ ቅዳም ነው፣ ጋሼ» አለች፣ ዓይኗን ከኔ ሳትነቅል።

«አዲስ ቅዳም ደህና አገር ነው። አሁንማ በከሰሉ ጌታ ሆናችኋል አሉ።» እጁን ዘረጋልኝ። «የማን ልጅ ነህ፣ ልጄ?»

አዲስ ቅዳምም ከሰልም ብሎ ያን ቀን አላስታወሰም። እኔ ቃል በቃል የያዝኩትን እሱ ከመስኮቱ ወዲያ ጥሎት ኖሯል።

የእሱ እጅ እንደተዘረጋ ነው። እሷም ትጠብቃለች፤ ያኔ አምቡላንሱ ውስጥ የሸጋን አንጓ ይዛ እንደጠበቀችው፣ ትንፋሽ እየቆጠረች።

እጁን ሳልጨብጥ፣ ውኃ ጠጥታ የተመለሰችውን ሸጋን በክንዷ ያዝኳትና ወደ ግቢው በር ሄድኩ።