የኢንች ሁለት ሺኛ

ጋሽ በላይ ማክሰኞ ጧት ሞተው የተገኙት በእስራኤል ሀደራ ከተማ ባለ አንድ የብረት ወርክሾፕ ውስጥ፣ ለጥገና ከመጣ አሮጌ የአሜሪካ ፕሬስ፣ ከብረት መጭመቂያው ማሽን ሥር ነበር። የፕሬሱን ከባድ ክንድ ሽቅብ የያዘው ፒን ከቀዳዳው ሾልኮ ወጥቶ፣ ክንዱ ግራሶ ሊቀቡ ጎንበስ ያሉትን ሰው ደቆሳቸው። ሠላሳ ዓመት ብረት ሲገሩ የኖሩ ሰው፣ እፍኝ በማትሞላ ፒን ሄዱ።

መርማሪ ዓባይነሽ ከፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ ሬሳው ተነሥቷል። ጥፋተኛውም ተገኝቷል አሏት። እንዲያውም ራሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«ጻፊው፣ እኅቴ። ጋሽ በላይን የገደልኋቸው እኔ ነኝ።»

ፈጠነ ይባላል፤ የወርክሾፑ ለኪ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ሥዕሉ ሁሉ በኢንች ነው፤ የወርክሾፑ መለኪያ ደግሞ በሚሊሜትርና በማይክሮን። ፈጠነ ኢንቹን ወደ ማይክሮን መንዝሮ ቁጥሩን በታይፕ ይመታና ማህተሙን ያሳርፋል፤ ጋሽ በላይ በዚያ ቁጥር ቶርኖ ላይ ይቀርጹ ነበር። ፒኑ ከቀዳዳው በኢንች ሁለት ሺኛ መወፈር ነበረበት፤ ነክሶ የሚይዘው ያኔ ነው። ሁለት ሺኛ ማለት ሃምሳ አንድ ማይክሮን፣ ከአንድ የራስ ጠጉር የቀጠነ ነገር ነው። ወረቀቱ ላይ ግን፣ ከፈጠነ ማህተም በላይ፣ የተመታው «5» ነበር።

«ከሃምሳ አንዱ አንዷን ዘንግቻት ነው» አለ ፈጠነ። «ሥራ ያስገቡኝ እሳቸው ነበሩ። ለቅሶ ቤታቸው እንኳ በምን ዓይኔ ልግባ? ስጪኝና ልፈርም።»

ዓባይነሽ ወረቀቱን ከእጁ ወሰደች። እስር ቤት ለመግባት የሚሽቀዳደም ሰው አትወድም፤ የሰውየው ሐዘን ግን እውነተኛ መሰላት። ፊርማው የትም አይሄድም ብላ ስለ ሰኞ ጠየቀችው። ሰኞ በአሥር ሰዓት ከጋሽ በላይ ጋር በአንድ አውቶቡስ ወደሚኖሩበት ሰፈር፣ ወደ ቤት ኤሊዔዘር ሄደዋል። በመንገድ ላይ ጋሽ በላይ ፒኑን ፍሪዘር ውስጥ እንዳስቀመጡት፣ ነገ ቀዳዳውን አሙቀው እንደሚያስገቡት ነግረውታል። ልማዳቸው ነበር። ብርድ ብረትን ያኮማትራል፣ ሙቀት ያሰፋል፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል እንጂ መዶሻ አያስፈልገውም።

ሚናሄሉ፣ የወርክሾፑ ኃላፊ ሽሞን ግን ሌላ አለ። በላይ ፒኑን ሰኞ ራሳቸው ገጥመው ነው የወጡት አለ። ከአሥር ሰዓት በኋላ የቀሩት እሱና ጸሐፊዋ ሌአ ብቻ ነበሩ። ሌአ በዕብራይስጥ ስትናገር፣ ከቢሮዋ እንዳልወጣችና ጧት ስትመጣ ፒኑ ገብቶ እንዳገኘችው ነገረቻት።

ከዚያ ዓባይነሽ ሦስቱንም ለየብቻ አንድ የሞኝ ጥያቄ ጠየቀቻቸው።

«እኔ ይህ ኢንች የሚባል ነገር አልገባኝም። ሰባት ሺኛ ስንት ማይክሮን ነው?»

ሌአ ካልኩሌተር ነክታ 177.8 አለች። ፈጠነ ዓይኑን ጨፍኖ «መቶ ሰባ ስምንት» አለ። ሽሞን ከስልኩ ቀና ሳይል «መቶ ሰባ አምስት» አላት።

ፒኑን በእጇ አገላበጠች። አባቷ ጎንደር ማረሻ ሲቀጠቅጡ የኖሩ ናቸው፤ ዓይን ያላየውን ጥፍር ያየዋል ይሉ ነበር። የአውራ ጣቷን ጥፍር በፒኑ ላይ አስኬደችው። ጫፉ አጠገብ ጥፍሯ ተደናቀፈ።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን በፕሬሱ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ፒኑንና ማይክሮሜትሩን ለፈጠነ ሰጠችው።

«ከቀዳዳው ውጭ የሚቀረውን ጫፍ ለካው። ከቀዳዳው በስንት ይወፍራል?»

ሁለት ጊዜ ለካ።

«ሃምሳ አንድ» አለ።

«መካከሉንስ?»

«እዚህ አራት። እዚህ ዘጠኝ። እዚህ… ከቀዳዳውም ይቀጥናል።»

«ቶርኖ የቀረጸው ብረት ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው» አለች ዓባይነሽ። «ይህ ወጣ ገባ የእጅ ሥራ ነው። ጋሽ በላይ ፒኑን በሃምሳ አንድ አስተካክለው ሠርተውታል፤ የደረሳቸው ወረቀት ‹5› ቢል ኖሮ ጫፉ ሃምሳ አንድ አይሆንም ነበር። ከሄዱ በኋላ አንድ ሰው ከፍሪዘር አውጥቶ ሊያስገባው ታገለ፤ እምቢ ሲለው በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው። እንግዲህ ይህ ወረቀት ከሞቱ በኋላ የተመታ ነው። ማህተሙ ሚስማር ላይ ስለሚንጠለጠል ማንም ያነሣዋል።»

«ማንም ከሆነ ፈጠነም ይሆናላ» አለ ሽሞን።

«እናንተ ያያችሁት ‹5›ን ብቻ ነው። በዚሁ ወረቀት ላይ ከሥሯ ያሉትን የሌሎች ዕቃዎች ቁጥሮች እዩ። ሦስት ሺኛ፣ ሰባ አምስት። አራት ሺኛ፣ መቶ። የኢንች አንድ ሺኛ ሃያ አምስት ነጥብ አራት ማይክሮን ነው። ሌአ ብትሆን ነጥቧን ትጽፍ ነበር። ፈጠነ ነጥቧን ሳይረሳ ሰባ ስድስት፣ መቶ ሁለት ይል ነበር። በሃያ አምስት አባዝቶ የሚያልፍ ሰው እዚህ አንድ ነው፤ ጧት መልሱን ከራስዎ አፍ ሰምቻለሁ፣ ጋሽ ሽሞን። ዋናውን ወረቀት የት አደረጉት?»

ሽሞን አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ በላይ ሲሞቱ በድንጋጤ ወረቀቱን ቀድሞ እንደቀደደው፣ በኋላ የሚገለብጠው ሲያጣ ቁጥሮቹን ከሥዕሉ ላይ በራሱ እንደመነዘረ ተናገረ። ባለፕሬሱ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሊወስድ ይመጣ ነበርና ግማሽ ቀን መጠበቅ አልቻለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የሱ ግን የሚለቀም አልነበረም።

«በላይ ጧት መጥቶ ‹ገባች?› ሲለኝ ‹ገባች› አልሁት» አለ። «ያቺን ቃል ብቻ ነው ያልሁት።»

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ዓባይነሽ ፈጠነን በመኪናዋ ቤት ኤሊዔዘር አደረሰችው። የለቅሶው ቤት ደረጃ ላይ ሲደርስ ቆመ። የጋሽ በላይ ሚስት ወይዘሮ ቦጋለች ራሳቸው ወጡ፤ ሁሉም ተነግሯቸዋል።

«ግባ፣ ልጄ» አሉት። «በላይ ልቡን ጥሎ ከፕሬሱ ሥር የገባው ቁጥሩ ያንተ ስለነበር ነው።»

ፈጠነ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሴትዮዋ አጠገቡ ተቀመጡ።