ቀይ ክር የታሰረበት ጠርሙስ

ጥቅምት 12 ቀን 1962 ዓ.ም. የሃያ ሰባት ዓመት ሰው ነበርኩ። ከጅማ ወደ የቡ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዛሬ በፈረሰ አንድ ትንሽ የቡና መመርመሪያ ቤት ስሠራ፣ ዘይቡ የተባለች ልጅ ረዳት ሆና ተቀጠረች። የጅማው የጊንጆ ሰፈር ልብስ ሰፊ የአቶ ሸኩር ልጅ ናት፤ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህንንም ከሰው ሁሉ ደብቄ ነበር።

ኃላፊያችን ዶክተር ሀብተጊዮርጊስ ከየጫካው የመጣ ቡና ስንት ክሮሞሶም እንዳለው ይቆጥሩ ነበር። የሥሩ ጫፍ ሲያድግ ሕዋሳቱ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ክሮሞሶሞቹም ተደራርበው አይለዩም። ኮልቺሲን የሚባል፣ ከአበባ የሚወጣ መድኃኒት ግን ሕዋሱን በመከፈሉ መካከል ያስቆመዋል፤ ያን ጊዜ ክሮሞሶሞቹ ተበታትነው ይታያሉ። መድኃኒቱ በውሃ ሲበጠበጥ ቀለምም ሽታም የለውም። ለማነጻጸሪያ ከተቀመጠው ንጹሕ ውሃ የሚለየው በጠርሙሱ ጽሑፍ ብቻ ነበር። ማለዳ ሥሮቹን ቆርጦ መንከር የእኔ ድርሻ ሲሆን፣ የጠርሙሶቹን ቦታ ሸምድጄ እሠራ ነበር።

አንድ ቀን የጠርሙሶቹ ቦታ ተለዋውጦ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ጠፍቶኝ ፊታቸው ቆሜ ዘይቡ አገኘችኝ። በማግስቱ በመድኃኒቱ ጠርሙስ አንገት ላይ ከአባቷ ሱቅ የመጣ ቀይ ክር ታስሮ ነበር። ዶክተሩ ሲጠይቋት ለዓይን እንዲያምር ነው አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኳት።

ክሮሞሶሞቹን በማጉያ መነጽሩ ውስጥ ታሳየኝ ጀመር። አርባ አራት ቆጥራ ስትነግራቸው ዶክተሩ ፈገግ ብለው «አርባ አራቱ ታቦት ይጠብቁን» ይላሉ።

«ቲጃኒ፣ የአንተን ሆድ የሚያሳይ መነጽር ቢኖር እሱን እቆጥር ነበር» አለችኝ አንድ ቀን።

ሥሮቹን መቁረጤን ቀጠልኩ።

«ወላሂ፣ ከአንተ ጋር ማውራትና ከግንድ ጋር ማውራት አንድ ነው።»

አንድ የአሰንዳቦ ነጋዴ ለጋብቻ እንደጠየቃት፣ አባቷም ሥራዋ ላይ እስካለች ድረስ ላያስገድዷት ቃል እንደሰጧት ነገረችኝ። ከረመዳን በኋላ ሽማግሌ ልልክ አሰብኩ። ያንንም ለማንም አልነገርኩም።

በኅዳር ከሩቅ ጫካ አንድ ችግኝ ብቻ መጣ። ሥሮቹ በሚነከሩበት ቀን ዋዜማ ጠርሙሶቹን ስወለውል ክሩን ፈትቼ፣ መልሼ በውሃው ጠርሙስ ላይ አስሬው ኖሯል። ሥሮቹ በሙሉ ውሃ ውስጥ ዋሉ። የሚቆጠር ነገር ጠፋ፤ ሥሩን ያጣው ችግኝም ጠወለገ።

ዶክተሩ ሰብስበውን ክሩን በውሃው ጠርሙስ ላይ አስሮ ያሳሳተው ማን እንደሆነ ጠየቁ። መናገር ማለት ማንበብ አለመቻሌን መናገር ነበር። ዘይቡ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ «እኔ ነኝ» አለች። የዚያኑ ዕለት ተሰናበተች።

በሩ ላይ ደረስኩባት። ነገ ለዶክተሩ እውነቱን እነግራቸዋለሁ አልኳት።

«የዶክተሩ ይቆይ። መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ። በልብህ ያለውን ሁሉ፣ አሁን።»

መሬት መሬት አየሁ። ቡና የጫነ መኪና መጥቶ አልፎ፣ አቧራው እስኪረጋ ድረስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ሻሿን አስተካክላ ሄደች።

ነገ ያልኩት አሥራ አንድ ቀን ሆነ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለዶክተሩ ተናገርኩ። ዶክተሩ አላባረሩኝም። «ይህን ቀድመህ ብትነግረኝ እኔው ራሴ ፊደል አስቆጥርህ ነበር» አሉና፣ ዘይቡ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ደብዳቤ ጽፈው ሰጡኝ። ወደ ጊንጆ ሮጥኩ። አቶ ሸኩር ደብዳቤውን አንብበው አጣጠፉት፤ ከአሰንዳቦው ነጋዴ ጋር ኒካሑ ከትናንት በስቲያ መታሰሩን በትሕትና ነገሩኝ።

ማንበብ የተማርኩት በሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ሚስት አላገባሁም። በአሰንዳቦ በኩል ባለፍኩ ቁጥር አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም ከወንበሬ አልነሣም።

ቀኑን፣ የመድኃኒቱን ጠባይ ወይም የሰዎቹን ንግግር አሳስቼ ጽፌ ከሆነ፣ የሚያውቅ አንባቢ ያርመኝ። አሥራ አንዱን ቀን ግን አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ።