እስከ አምስት መቁጠር

ሬዲዮ አሥር ዓመቷ ነው። ሬዲዮ ያሏት አፏ ስለማይዘጋ ነው እንጂ፣ ልጆች፣ ባትሪስ የላትም! ቤታቸው ሁለት ክፍል ነች። በፊተኛዋ አባቷ ልብስ ይሰፋል። በጓዳዋ አባቷ፣ እሷና የስድስት ዓመቱ ወንድሟ ማሙሽ ይተኛሉ።

እሑድ ከሰዓት ነበር። ዝናብ ይዟቸው ማንም ንቅንቅ አላለም። አባት ጓዳ ውስጥ ጣቃ ጨርቅ ተንተርሶ ጋደም ብሏል። የቃላት ጨዋታ ተይዟል። አንዱ ቃል ይጠራል፤ ቀጣዩ ያ ቃል ባበቃበት ፊደል የሚጀምር ሌላ ቃል ያመጣል። እስከ አምስት ተቆጥሮ ያላመጣ ወደቀ!

«ወንበር» አለ አባት።

«ርግብ!» አለች ሬዲዮ፣ ሳይጨርስ።

ማሙሽ ይንተባተባል። «ብ... ብ...»

አባት «አንድ» አለና ጆሮውን አከከ። «ሁለት» አለና አዛጋ።

«ብርጭቆ!»

«የኔ አንበሳ!»

ሬዲዮ በገነች። «አባዬ፣ ለሱ ስትቆጥር ትተኛለህ እኮ! ለኔ ሲሆን እንደ ስፌት መኪናህ ትርርር ታደርገዋለህ!»

«አንቺማ ምን ቸገረሽ» ብሎ ሳቀ።

ሳቁ ባሰባት። እሷ አርባ ቃል ብትደረድር ዝም፤ እሱ አንዲት ብርጭቆ ይዞ ቢመጣ አንበሳ! ልጆች፣ ቅናት ሲይዘን የሌላው ድርሻ ብቻ ነው ጎልቶ የሚታየን።

በሩ ተንኳኳ። ሱሪውን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ነው።

«የኔ ቃል ‹ቆዳ›። አንቺ ቁጠሪለት፣ መጣሁ» ብሎ አባት ወጣ።

«ዳቦ» አለች ሬዲዮ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ፣ «አንድሁለትሦስትአራትአምስት!»

«ቦ... ቦ...»

«ቦ ቦ ቦ! ሞተሩ አልነሳ አለ! ወደቅክ!»

ማሙሽ አፉን ገጠመ። ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

አባት ሲመለስ «ማሙሽዬ፣ ምን ሆንክ?» አለው። «ውሃ ልስጥህ?» ማሙሽ በጣቱ ብቻ ማሰሮውን አሳየ።

የአባት ፊት ጠቆረ። ማሙሽ እስከ አምና ድረስ የሚግባባው በጣቱ ነበር። በዚህ ጨዋታ ነው አፉን የፈታው። አሁን እንደገና ሊዘጋው ነው።

ሬዲዮ አሸንፋለች፤ ተፎካካሪ የላትም። ደስታው ግን የት ገባ?

«አባዬ፣ እኔ ነኝ» አለች። አቆጣጠሯንም፣ ስለ ሞተሩ ያለችውንም፣ አንዱንም ሳትደብቅ ነገረችው።

አባት አልጮኸባትም። «አንቺ ጋ ቃል ሮጦ ይመጣል። እሱ ከጉድጓድ ነው የሚጎትተው። ገመዱን ብይዝለት አንቺን የጠላሁ መሰለሽ?»

እንባዋን ጠርጋ ወንድሟ አጠገብ ቁጭ አለች። «ማሙሽዬ፣ ይቅር በለኝ። ቀንቼብህ ነው። ና እንጫወት፤ ‹ወርቅ›።»

ዝም።

አልቆጠረችም። አፏን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች። ለሬዲዮ ይህ ምን ያህል ጭንቅ እንደሆነ እናንተው ገምቱ!

ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ማሙሽ ዞረ። «ቅ...»

ጠበቀች።

«ቅ... ቅ... ቅናት!» አለና በሳቅ ፈረሰ።

አባትም ሳቀ። ሬዲዮ ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ግን ወንድሟን እቅፍ አደረገችው።

ልጆች፣ እግዚአብሔርም ወላጆቻችንም ለደካማው የሚታገሡት ከኛ ፍቅር ቀንሰው አይደለምና፣ በወንድማችን አንቅና።