የዳቦው ቅርጫት

«ዳቦውን አቀብይኝ እንጂ! ተኝተሻል እንዴ?» አለ ኮልተን።

ታናሽ ወንድሟ ቢጮኽባትም የታቢታ ዓይን ፊት ለፊቷ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ተተክሎ ቀርቷል። የተሳፈሩባት የመዝናኛ መርከብ ከማያሚ ከተነሣች ጀምሮ ሚስተር ኤልስዎርዝና ሚስታቸው ዶሪን በዚህ ክብ ጠረጴዛ አብረዋቸው እራት ይበሉ ነበር። ዛሬ ሰው ሁሉ ዘንጦ የሚመጣበት ምሽት ነው። ሽማግሌው ክራቫታቸውን አስረው ብቻቸውን መጥተዋል።

«ዶሪን ከቀትር ጀምሮ ስታስመልስ ዋለች» አሉ ለታቢታ እናት። «የመርከቧ ሐኪም ከክፍልሽ ንቅንቅ እንዳትዪ ብላታለች። ለዛሬ ብላ ያሰፋችው ቀሚስ እንደተሰቀለ ቀረ። የተጋባንበት ቀን እኮ ነው!»

ትናንት ጠዋት ስታስመልስ የነበረችው ግን ታቢታ ናት። መታጠቢያ ቤቱን ቆልፋ፣ ድምፅዋ እንዳይሰማ ውኃውን ለቃ። ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ «ሆዱን ያመመው ሁሉ ለክሊኒኩ ይንገር፤ ከክፍሉም አይውጣ» ሲሉ በደንብ ሰምታለች። ግን ከባሕር ኤሊዎች ጋር የሚዋኙት ነገ ነው። የመጣችው ለዚያች ቀን ስትል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ ዝም አለች። የዚያኑ ቀን ማታ ሲሻላት ለእራት ወጣች። አስተናጋጁ በር ላይ ቆሞ «እጅ! እጅ!» እያለ በዜማ የእጅ ማጽጃ ሲያድል፣ ከኮልተን ጋር ወሬ የያዘች መስላ በጎን ሾልካ ገባች።

ከዚያ ደግሞ ከቅርጫቱ ዳቦ በእጇ አንሥታ ለሚስስ ዶሪን ሰጠቻቸው። «ወይ ጨዋነት! እናትሽ ታድላለች» ብለዋት ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ ሚስተር ኤልስዎርዝ፣ ሾርባቸውን ሳይቀምሱ እያማሰሉ። «ትናንት ኮዙሜል ደሴት ስንወርድ መንገድ ዳር ዓሣ ካልበላን ብዬ ድርቅ አልኩ። እሷ ተው ብላኝ ነበር። መቼ ሰምቻት አውቃለሁ! አሁን በሩ ላይ ቆሜ ይቅርታ ስላት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።»

«ኧረ እንዲህ አይበሉ» አለች የታቢታ እናት።

«ልበል እንጂ። እኔ ነኝ ያሳመምኳት።»

ታቢታ አንገቷን ደፋች። እኚህ ሰው ያልሠሩትን ጥፋት ተሸክመው ወደ ሚስታቸው ሊመለሱ ነው፤ እሷ ደግሞ ነገ ከኤሊዎች ጋር ልትዋኝ። በራሷ አፈረች።

ኮልተን መጠበቅ ሰልችቶት ታቢታ ቅድም እጇን ወደከተተችበት ቅርጫት እጁን ሰደደ።

«ተው!» ብላ ጮኸች። በዙሪያቸው ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

«ዓሣው አይደለም» አለች። «ሚስተር ኤልስዎርዝ፣ እኔ ነኝ። ትናንት አሞኝ ነበር፤ ደብቄው ነው። እጄንም ሳልታጠብ ለሚስትዎ ዳቦ ሰጠኋቸው።»

እናቷ ሹካዋን አስቀመጠች። ኮልተን በሹክሹክታ «ነገስ? ኤሊዎቹስ?» አለ።

«እኔ አልሄድም።»

ሽማግሌው ሾርባቸውን ገፋ አድርገው አዩዋት። መቆጣታቸውን ወይም ማዘናቸውን ለማወቅ አልቻለችም። ከዚያ በጠረጴዛው ላይ እጃቸውን ዘረጉላት።

ታቢታ ሁለት እጆቿን ከኋላዋ ደበቀች።

«አይንኩኝ» አለች። ወንበሯን በክርኗ ገፋ አድርጋ ተነሣችና፣ ምንም ሳትነካ ወደ ክሊኒኩ ሄደች።