ቦርሳው ላይ ያለችው ሴት

በእንጨት ላይ ሥዕል ቀርጾ ወረቀት ላይ የሚያትመው ሽማግሌው ቀራጭ ኢሶኪቺ በተቆለፈው የሥራ ክፍሉ ወለል ላይ ተደፍቶ ሲገኝ፣ የተመታበት መዶሻ የተማሪው የቺዙሩ ነበር። የበሩ ቁልፍም ከሟቹ ሌላ ያለው በእሷ እጅ ብቻ ነው ይባል ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያስተማራት ሰው ሬሳው ገና ሳይነሣ፣ ሰፈሩ ፈርዶባት ጨርሷል።

ኪዮቶ ላይ ዝናቡ አላባራም። መርማሪዋ ሚኖቤ ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ ሃምሳ ያለፋት፣ ከምትናገረው ይልቅ የምታየው የሚበዛ ሴት ናት። በሟቹ እቅፍ ውስጥ አዲስ የጨርቅ ቦርሳ ነበር፤ ላዩ ላይ የጃፓኖችን የባህል ልብስ ኪሞኖ የለበሰች፣ ጃንጥላ የያዘች ሴት በጥቁር መስመር ታትማበታለች።

«ይሄን ማን አመጣው?»

«እኔ ነኝ» አለ የሟቹ ልጅ ሃሩኦሚ። «ትናንት ከሰዓት በር ላይ ሰጠሁት። ደስ ብሎት አቅፎት ገባ። እኔማ ወደ ውስጥ አልዘለቅኩም፤ ካባረረኝ ስድስት ዓመቴ፣ ቁልፍም የለኝ። አንቺ ግን አለሽ ቺዙሩ። ያጎረሰሽን እጅ ነከስሽ!»

ቺዙሩ ግን ትናንት ከሰዓት ወረቀት ፍለጋ ብቻዋን ስትዞር ነው የዋለችው። ማን ይመሰክርላታል? ባል የላት፣ ወንድም የላት፤ ያላት ሟቹ መምህሯ ብቻ ነበር።

መርማሪዋ ቦርሳውን ወደ መስኮቱ ወስዳ አገላብጣ አየችው። ቺዙሩም በመርማሪዋ ትከሻ በኩል አየች፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ምን አየሽ?»

«ልብሷን። የቀኙ ጎን በግራው ላይ ተደርቧል። በሕይወት ያለ ሰው ግራውን ነው ከላይ የሚደርበው፤ እንዲህ የምናለብሰው ሬሳን ነው።»

ሚኖቤ ቦርሳውን ያሳተመውን ነጋዴ ኦጊኖን አስጠርታ ሦስቱንም ፊቷ አስቀመጠቻቸው።

«ሥዕሉን ማን ሰጠህ?»

«ሃሩኦሚ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። አምስት መቶ ቦርሳ አትሜ ትናንት ለየሱቁ አከፋፈልኩ።»

«ቺዙሩ፣ ይህች ሴት ወረቀት ላይ ታትማ ታውቃለች?»

«አንድም ቀን። ቀርጸን የጨረስናት ባለፈው ሳምንት ነው። ንድፏም፣ ወረቀት ላይ ስትታተም እንድትቃና፣ ግራ ቀኙ ተገልብጦ እንጨቱ ላይ ተለጥፎ አብሮ ተቀርጿል፤ ሌላ ቅጂ የላትም። መምህር ‹እንጨቱ ላይ ሙት ናት፤ ወረቀት ላይ ስታርፍ ነፍስ ትዘራለች› ይሉ ነበር።»

«እንግዲህ ስሙ» አለች ሚኖቤ። «ሥዕሉ የተገለበጠው ከራሱ ከእንጨቱ ላይ ስለተነሣ ነው። እንጨቱ ያለው እዚህ፣ ተቆልፎ ነው። ስለዚህ ሃሩኦሚ፣ በዚህ ሳምንት ገብተህ አንስተሃል፤ ቁልፍም አለህ። ደግሞ ሴቲቱን እንዲህ ለብሳ ያየ ቀራጭ በደስታ አያቅፋትም። አባትህ ቦርሳውን ሲያዩ ሌባው ማን እንደሆነ ገባቸው፤ ጮኹብህ። እጅህ የገባው የቺዙሩ መዶሻ ነበር። ከዚያ ውሸትህ እንዲያምር ቦርሳውን አሳቀፍካቸውና በሩን ቆልፈህ ሄድክ።»

ሃሩኦሚ ሲባረር ሳይመልስ ያስቀረውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ምንጣፉ ላይ ወረወረው።

«‹የሞተች ሴት ሸጥክብኝ› አለኝ! ልብስ ነው እኮ! ግራ ሆነ ቀኝ፣ ማን ያያል?»

ኦጊኖ አንገቱን ደፋ። እሱም አላየም ነበር።

ሬሳው ሲለቀቅ የሚያለብስ ዘመድ ጠፋ። ቺዙሩ አለበሰችው፤ ግራውን ከታች፣ ቀኙን ከላይ። እጇ ሳይሳሳት ጨረሰች፤ ከዚያ ወጥታ አምርራ አለቀሰች።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አንዲት ተማሪ ከአምስት መቶዎቹ ቦርሳዎች አንዱን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ቆማለች። ቺዙሩ አፍጥጣ ስታያት ልጅቷ ፈገግ አለች።

«ያምራል አይደል?»

«ያምራል» አለች ቺዙሩ።