ዳገት የማያስወጣ ዘይት

ሞተረኛው ዘይት የሚቀይረው ሞተሩ ስለፈለገ አልነበረም። ይህን ሞተሩም ያውቀዋል፤ የዘይት ቤቷም ልጅ ታውቀዋለች። ሳያውቁ የቀሩት አባቷ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ቢሆኑ ብዙ አልቆዩም።

መጀመሪያ የመጣ ዕለት ከጋራዡ ጎን ወደተለጠፈችው ጠባብ ሱቅ ገባና ቀና ብሎ መደርደሪያው አናት ላይ የተሰለፉትን ወርቃማ ጋሎኖች አየ።

«ያንን ስጪኝ፤ ውዱን።»

«እሱ የመኪና ነው።»

«ዘይት ያው ዘይት አይደል እንዴ?»

«አይደለም። የመኪና ፍሪሲዮን፣ የሞተሩን ጉልበት ለጎማው የሚያቀብለው፣ ደረቅ ቦታ ነው የሚቀመጠው። ያንተ ሞተር ፍሪሲዮን ግን እዚያው ዘይቱ ውስጥ ይዋኛል። ይሄኛው ደግሞ ከልክ በላይ ያንሸራትታል፤ የፍሪሲዮኑ ሸራዎች መያያዝ ያቅታቸዋል። ነዳጅ ስትሰጠው ይጮሃል እንጂ አይሄድልህም። ሜዳ ላይ ላይታወቅህ ይችላል፤ ዳገት ላይ ነው ጉድህ የሚፈላው።»

«ታዲያ ለምን ተወደደ?»

«ለሚሆነው ሰው ውድ ነው። ላንተ አይሆንም።»

«እንግዲያው ለእኔ የሚሆነውን ምረጪልኛ።»

ዓይን ዓይኗን ነበር የሚያያት። እሷ ከወገብ በታች ካለው መደርደሪያ የሞተር ሳይክል ዘይቱን ለማንሣት ጎንበስ አለች፤ ጎንበስ ብላም ከሚያስፈልገው በላይ ቆየች። ቀና ብትል ፊቷ ያሳብቅባት ነበር።

ከዚያ በኋላ መላልሶ መጣ። የመድኃኒት መጋዘን መልእክተኛ ነው፤ ካርቶን ከኋላው ጠፍሮ በየጤና ጣቢያው ያደርሳል። ሲመለስ ሞተሩን ያቆምና አሮጌውን ዘይት ወደ ሳፋው ይለቀዋል። ዘይት ደግሞ አይቸኩልም፤ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሁለቱ ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብለው፣ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ እያወሩ ይጠብቃሉ። ያቺ ጠብታ ባትወርድ ደስ የሚላቸው እነሱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

አባቷ በሩ ሥር፣ ከአሮጌ መኪና በተነቀለ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አያይም። ጣታቸው ግን ሌላ ነው፤ የወረደ ዘይት በሁለት ጣታቸው አሸት አድርገው የመኪናውን ሕመም የሚናገሩ ሰው ናቸው።

አንድ ቀን እጃቸውን ወደ ሳፋው ሰደዱ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የሞተረኛው።»

«ገና ምኑም አልተነካ። ይህን የመሰለ ንጹሕ ዘይት የሚደፋው ምን ሊያገኝ ነው?»

ልጅቷ ሳፋውን ወደ ራሷ ሳበች።

«ገባኝ» አሉ አባቷ። «እንግዲህ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው። ሲመጣ ጥሪውና ላናግረው።»

አናገሩት። ወደዱትም። ሦስቱ አብረው ምሳ መብላት ጀመሩ፤ አባቷ የእሱን ቀልድ እየጠበቁ ሳይናገር የሚስቁበት ጊዜ መጣ። ነገሩ እንዲህ ቢያልቅ ምን ነበረበት?

ዱብ ዕዳው የመጣው ከመጋዘኑ ነው። ሊዘጋ ነው ተባለ። ሞተረኛው ከትልቁ ዳገት ማዶ ባለች ከተማ ተመሳሳይ ሥራ አገኘ፤ ራሱ በሞተሩ ሄዶ እንዲቀርብ ቀን ተቆረጠለት። ቀጥ ብሎ ወደ አባቷ መጣ።

«አባባ፣ አብረን እንሂድ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ የእርስዎ ይሆናል።»

«እኔ እዚህ ቤት ውስጥ ዕውር አይደለሁም፣ ልጄ» አሉ። «የቱ ጋሎን የት እንዳለ፣ ውኃው የት እንደሚቀመጥ፣ ግድግዳው የት እንደሚያልቅ አውቀዋለሁ። ከዚህ ደፍ ስወጣ ነው የምታወረው። በስተርጅና እንደገና ልታወር?»

ልጅቷና ሞተረኛው ወደ ውጭ ወጡ።

«ሂድ» አለችው ልጅቷ፣ ሞተሩ አጠገብ ሲቆሙ።

«አንቺን ትቼ? ምን ቁርጥ አድርጎኝ።»

«ቀርተህስ? ሥራ ፈትተህ እዚህ ደጃፍ ስትቀመጥ ውሎ አድሮ እኔኑ ትጠላኛለህ።»

«አንቺስ ስሄድ አትጠይኝም?»

«እጠላሃለሁ» አለችና ዕንባዋ ቀደማት። ሁለት ያጡ ሆኑ።

የጉዞው ዋዜማ እሷ ለአባቷ የዓይን ጠብታ ልትገዛ ወጥታ ነበር። ስትመለስ አባቷን እጃቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ አገኘቻቸው።

«ሞተረኛሽ መጥቶ ነበር። ለመንገዱ ዘይት ቀየርኩለት።»

«አንተ ራስህ?»

«ዓይኔ እንጂ እጄ መች ታወረ።»

ደስ አላት። አባዬ መረቀው ማለት ነው ብላ አሰበች፤ ቀኑን ሙሉ ያቺን ደስታ ይዛ ዋለች። የሰው ልጅ ደስታ እንዲህ የዋህ ነው።

በማግስቱ ከጋራዡ ሰዎች አንዱ እያለከለከ መጣ። ሞተረኛው ዳገቱ ላይ ወድቋል፤ ሆስፒታል ነው።

እግሩ በጀሶ ታስሮ፣ ፊቱ ተላልጦ አገኘችው። እጁን ይዛ ስታለቅስ እሱ ነበር የሚያባብላት።

«ዳገቱ ወገብ ላይ ነዳጅ ሰጠሁት፤ ጮኸ፤ አልሄደም። እንደገና ሰጠሁት፤ ጭራሽ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ከኋላዬ የጭነት መኪና ነበር። እሱን ስሸሽ ቦይ ውስጥ ገባሁ።» ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። «የመኪና ዘይት ነው። አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽኝ? አባባ ናቸው የሞሉት፤ እኔ ውጭ ጓዜን ሳስር አላየሁም።»

ልጅቷ እጁን ለቀቀችው።

«ምን ያድርጉ፣ ዓይናቸው ነው» አለ። «እንዳትቆጫቸው።»

ሱቁ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው በርጩማዋን ነው። ሁልጊዜ ከምትቀመጥበት ጥግ ተነሥታ መደርደሪያው ሥር ቆማለች። የሞተሩ ዘይት እጅ ሲዘረጋ የሚነካ፣ ከወገብ በታች ያለ ነው። የመኪናው ዘይት ግን መደርደሪያው አናት ላይ ነው፤ ያለ በርጩማ አይደረስበትም። ማንም በስሕተት በርጩማ ላይ አይወጣም።

«አባዬ፣ ምን አድርገህ ነው?»

አባቷ ከዘራቸውን በዳበሳ ፈልገው ያዙ።

«እንዲወድቅ አልነበረም። ዳገቱን እንዳይወጣ ነው። ሞተሩ እምቢ ሲለው ይመለሳል፣ ቀኑ ያልፍበታል፣ እዚሁ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፣ ሦስታችንም እንደ ልማዳችን እንኖራለን ብዬ። የጭነት መኪና ከኋላው ይመጣል ብዬ መች አሰብኩ። ፈርቼ ነው፣ ልጄ። ብቻዬን መቅረት ፈርቼ ነው።» ወደ ድምፅዋ ዞሩ። «አትንገሪው።»

ባትነግረው ማንም አይጠይቃትም ነበር። እሱ ይቅር ብሏል፤ አባቷ ተጸጽተዋል፤ ምስጢሩ እሷ ሆድ ውስጥ ቢቀር ማን ያወጣዋል? በየጠዋቱ ሾርባ በፔርሙስ ይዛ እየሄደች ይህንኑ ለራሷ ስትነግር ሰነበተች። አንድ ቀን ሞተረኛው ማንኪያውን ከእጇ ተቀብሎ ፈገግ አለ።

«እግሬ ይዳን እንጂ አባባን በጀርባዬም ቢሆን አዝዬ እወስዳቸዋለሁ። እንደ እሳቸው የወደደኝ ሽማግሌ የለም።»

ይህን መሸከም አልቻለችም። ሁሉንም ነገረችው፤ በርጩማዋንም፣ የአባቷን ፍርሃትም፣ አትንገሪው መባሏንም።

ማንኪያውን ከእጁ አኖረው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከወደቅህበት ቀን ጀምሮ።»

«እና በየቀኑ እያወቅሽ ሾርባ ታጠጪኝ ነበር።»

«አዎ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እስካሁን የሰበረው እግሩን ብቻ ነበር፤ አሁን ሌላም ነገር እንደተሰበረ ከትከሻው ያስታውቃል። ልትነሣ ስትል ተናገረ።

«ሥራውን አላጣሁም። እግሬ እስኪድን መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብዬ እንድሠራ ፈቅደውልኛል። ሰኞ ጠዋት በአውቶቡስ እሄዳለሁ። ነይ፤ እወድሻለሁ። ግን ብቻሽን።»

«ለማን ልተወው? ብቻውን ውኃ እንኳ ቀድቶ የሚጠጣ አይደለም።»

«በርጩማዋን ግን አላጣትም።»

ፔርሙሷን አንሥታ ወደ በሩ ዞረች።

«ባትመጪ አልቀየምሽም» አለ ቀስ ብሎ። «ተመልሼ ግን አልመጣም። ያንን ማድረግ አልችልም።»

ሰኞ ጠዋት ልጅቷ ሱቁን ከፈተችና ንጹሑን ጋሎን ሁሉ እንደገና ትወለውል ገባች። እጇ ይሠራል፤ ልቧ አውቶቡስ ተራ ነው። አሁን ቲኬት ይዟል፤ አሁን በክራንቹ ተደግፎ መንገዱን ያያል፤ አሁን ተስፋ ይቆርጣል።

«ዛሬ ነው የሚሄደው» አሉ አባቷ ከወንበራቸው።

«ማን ነገረህ?»

«ጋራዥ ውስጥ ምን የማይወራ አለ። ብቻሽን ነይ ብሎሻል አይደል?»

«እምቢ ብዬዋለሁ።»

«ለምን?»

«አንተን የት ጥዬ?»

አባቷ ሳያንቀሳቅሱ የያዙትን ከዘራ መሬት ላይ አኖሩት። ከዚያ ደንበኛ ሲመልሱ በሚናገሩበት ቀዝቃዛ ድምፅ ጀመሩ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን ቀን የነገርኩሽ ውሸት ነው። እንዲመለስልኝ አልነበረም። ጠልቼው ነው። ገና በዚህ በር ከገባበት ቀን ጀምሮ ጠልቼዋለሁ። ዳገቱ ላይ መኪና እንደሚበዛም አውቅ ነበር፤ ቢሞት ግድ አልነበረኝም።»

«አባዬ…»

«ምን አባዬ ትይኛለሽ? እንዲህ ካለ ሰው ጋር አንድ ማዕድ ትቀርቢያለሽ? ለእኔ የጋራዡ ሰዎች አሉልኝ። ሂጂ። ዓይኔ ሥር እንዳትቆሚ።»

አየቻቸው። በየጠዋቱ ሾርባው እንዳይበርድበት የፔርሙሱን ክዳን በዳበሳ ደጋግመው የሚያጠብቁት፣ ማታ ማታ «እግሩን ያመዋል?» ብለው ሳይጠይቁ የማይተኙት እኒሁ ሰው ናቸው። የጠላ ሰው ይህን አያደርግም። ውሸቱ ግልጽ ነበር፤ ለምን እንደዋሿትም ግልጽ ነበር።

«ውሸትህን ነው» ብትላቸው አቅፈዋት ያለቅሳሉ፤ እሷም እዚሁ ትቀራለች፤ አውቶቡሱም ይሄዳል። ይህን ለመናገር አፏን ከፈተች። አልተናገረችውም። መሄድ ፈልጋ ነበር።

«እንዲህ ጨካኝ መሆንህን አላውቅም ነበር» አለች፤ ድምፅዋ እንዳይንቀጠቀጥ ጥርሷን ነክሳ።

«አሁን አወቅሽ» አሉ።

ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ፣ ሻርፕዋን ከሚስማሩ አንሥታ ወደ በሩ ሄደች። በእሳቸው አጠገብ ስታልፍ ጉንጫቸው ከእጇ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር። ደፉን ተሻገረችና ወደ አውቶቡስ ተራ ሮጠች። አባቷን ሳትስማቸው ነው የወጣችው፤ ውሸቱን ያመነች ልጅ ስማ አትወጣም።