የእማማ ዩፊሚያ በርሜል

ይሄ ከሰው የሰማሁት ወሬ አይደለም። በገዛ ዓይኔ ያየሁት፣ በገዛ አፍንጫዬ ያሸተትኩት ነገር ነው።

"ውሸቷን ነው" የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ... በሉ። እኔም በናንተ ቦታ ብሆን እንደዚያ እል ነበር።

እየበላችሁ የምታነቡ ከሆነ ግን ሳህኑን ገፋ አድርጉት። ኋላ እንዳትወቅሱኝ።

ዶሪን እባላለሁ፤ ትሪኒዳድ ውስጥ የአሪማ ልጅ ነኝ። ነገሩ የሆነው ባለፈው ነሐሴ ነው። ከባሌ ከዊንስበርት ጋር ለእረፍት በመርከብ ወደ ቶቤጎ ደሴት ተሻግረን ነበር።

ዊንስበርት ሁለተኛ ባሌ ነው። የመጀመሪያውን በሽታ ነጥቆኝ ቀብሬዋለሁ። ዊንስበርትን ሳገባ "ሁለተኛ ጥቁር አልለብስም፣ ይሄኛውን ሞት ከእጄ አይወስደውም" ብዬ ለራሴ ምያለሁ። ሳቂታ ነው፤ ጨዋታ ያውቃል፤ ሰው አያስከፋም። ምግብ ፊት ሲቀርብለት ግን ዓይኑ ሌላ አያይም።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ የጣለው ዝናብ ገና ማባራቱ ነው። ከሰሜኑ ዳርቻ በመኪና እየተመለስን ነበር። እሱ ከባህር ዳሩ ሰዎች ጋር ሩም የሚባለውን አረቄ ሲጠጣ ስለዋለ መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። እራት ልንበላ ያሰብንበት ቤት ዝግ ሆኖ አገኘነው። ባለቤቱ ቀብር ሄዷል አሉን።

መንገዱ ጠባብ ነው። በአንድ በኩል ጫካ፣ በሌላው በኩል ገደልና ባህር።

ከዚያ ሸርጣኖቹ ጀመሩ...

በዚያ ወቅት ዝናብ ሲጥል ከየጉድጓዳቸው ወጥተው ወደ ባህር ይወርዳሉ። አስፋልቱ ይንቀሳቀሳል። እንራራላቸው ብትሉ አትችሉም።

ቀጭ...

ቀጭ... ቀጭ...

ኤጭ! ድምፁ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ሽታው ደግሞ ባሰ፤ በመስኮቱ እየገባ ጥሬ ጥሬ፣ ጭቃ ጭቃ ይለኛል። ዊንስበርት ግን ይስቃል። እራታችንን መንገድ ላይ እየዳጥሽው ነው ብሎ ያበሽቀኛል።

ከኩርባው ወዲያ መብራት አየን። አንዲት አምፖል፣ የእንጨት ቤት፣ በረንዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ። ሸርጣንና ዳምፕሊንግ ይላል። በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሸርጣን፣ አብሮት ድብልብል ሊጥ... የደሴቲቱ ሰው ነፍሱን የሚሰጥለት ምግብ ነው።

ከተማ ደርሰን እንበላለን አልኩት። እሱ እቴ!

"ዶሪዬ... በእናትሽ። አንጀቴ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቋል።"

አቆምኩ። ምነው እግሬን በሰበረው።

ስንገባ "እንደምን አመሻችሁ" አልን። ማንም አልመለሰልንም።

እኛ አገር ሰላምታ መንፈግ ስድብ ነው። ጠላት እንኳ በር ላይ ሆኖ እንደምን አመሸህ ካለህ ትመልሳለህ። ሁለት ሽማግሌዎች ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ባዶ ሳህን አለ። እጃቸውን ታጥበው አላደረቁትም፤ ጠብ... ጠብ... ይላል። ፊታችንን አላዩም። የሚያዩት የዊንስበርትን ትከሻና ሆድ ነበር። ገበያ ላይ በሬ የሚገዛ ሰው እንደሚያየው።

ባለቤቷ ከጓዳ ወጣች። ረጅም፣ ከሲታ ሴትዮ ናት። እማማ ዩፊሚያ ነው የሚሉኝ አለች። ሽርጧ ነጭ ነው፤ አንድ ነጠብጣብ የለበትም። ሸርጣን የሚያበስል ሰው ሽርጥ እንደዚያ ነጭ ሆኖ አያውቅም። እኔ ይሄንን ማስተዋል ነበረብኝ።

ምን እንደምንበላ ሳትጠይቀን ሳህን ዘረጋች። ሽታው... የኮኮናት ወተት፣ ጦስኝ፣ ካሪ። ዊንስበርት ሁለት እጁን ከተተ። አንዷን ድብልብል ሊጥ መረቅ አስነክቶ እንደ ሙሽራ አጎረሰኝ።

ዋጥኳት።

እግዜር ይይልኝ... ጣፋጭ ነበረች።

ያን ጊዜ እናቴ ትዝ አለችኝ። የቶቤጎ ሰው ነበረች። ሸርጣን ያላገኘውን እንጂ የማይበላው የለም፤ ፋንድያም ይበላል፣ ጥንብም ይበላል። ስለዚህ እንደተያዘ ድስት ውስጥ አይገባም። በርሜል ውስጥ ይከተትና ደረቅ ኮኮናት፣ በቆሎ፣ የበርበሬ ቅጠል እየተሰጠው ይሰነብታል። አንጀቱ እስኪጸዳ ማለት ነው። እናቴ በርሜሉን ሳታይ የማንንም ሸርጣን አትቀምስም ነበር። እኔ ግን ቀድሜ ውጫለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!

ሴትዮዋን በትህትና በርሜልዎ የት ነው አልኳት።

የሽማግሌዎቹ እጅ እንኳ መንጠባጠቡን ያቆመ መሰለኝ።

"ከጓሮ ነው ልጄ" አለች። "ሂጂ... እዪው።"

ወጣሁ። ጓሮው ጨለማ ነው። በስልኬ መብራት ፈለግኩት። እስከ ደረቴ የሚደርስ ትልቅ በርሜል ነው። አፉ ላይ ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ።

የሸርጣን በርሜል ሳታዩት ትሰሙታላችሁ። ሲቧጥጥ፣ ሲንኮሻኮሽ ያድራል።

ይሄኛው ዝም ብሏል...

ድንጋዩን አወረድኩ። ቆርቆሮውን ገፋሁት።

ከውስጥ የወጣው ሽታ የሸርጣን አይደለም። የታመመ ሰው ተኝቶ የከረመበት ክፍል ሽታ ነው። ላብ፣ ሽንት፣ ከላዩ ደግሞ ኮኮናት።

አበራሁበት።

የተፈረፈረ ኮኮናት አለ። በቆሎ አለ። የበርበሬ ቅጠል አለ። ሸርጣን የለም።

ትራስ አለ።

ማንኪያ አለ። በወግ የታጠፈ የወንድ ሸሚዝ አለ። ጎን ለጎን የተቀመጠ ጫማ፣ ካልሲው በየውስጡ ተጠቅልሎ...

የበርሜሉን ግድግዳ ዙሪያውን አየሁት። አንድም ጭረት የለበትም። እዚያ ውስጥ የነበረው ሰው ልውጣ ብሎ አልታገለም።

"ትናንት ነው የጸዳው።"

ከኋላዬ ቆማለች። ስትመጣ ኮቴዋን አልሰማሁም።

"ማ... ማን?" አልኩ።

"በገዛ ፈቃዱ ነው ልጄ" አለች በሹክሹክታ። "እኛ ማንንም አናስገድድም።"

አፌን በእጄ አፍኜ ሮጥኩ። ያ ሊጥ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ አለኝ፤ ሁለቴም መልሼ ዋጥኩት። ኤዲያ! ሳስበው አሁንም ምራቄ ይመረኛል።

ዊንስበርት ሳህኑን ጨርሶ ጣቱን ይልሳል። ክንዱን ያዝኩት። ተነስ አልኩት። ገና አልጠገብኩም ይለኛል።

ሳህኑን አየሁት። የሸርጣን ቅርፊት ተከምሯል። ከቅርፊቱ መሀል ነጭ፣ ቀጭን፣ እስኪያብረቀርቅ የተመጠጠ አጥንት አለ።

ሸርጣን አጥንት የለውም።

እንዴት እንዳስነሳሁት አላውቅም። ያን የሚያህል ሰው ጎትቼ በር ላይ አደረስኩት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቀሚሴን ያዝ አደረገኝ። እጁ ርጥብ ነው፤ ቀዝቃዛ ነው።

"ልጄ... ቀምሰሻል?"

"ትንሽ ሊጥ ብቻ።"

ራሱን ነቀነቀ። ያዘነልኝ ይመስላል።

"ትንሽም ይበቃል" አለኝ።

ይከተሉናል ብዬ ነበር። ማንም አልተከተለንም። እማማ ዩፊሚያ መኪናው ድረስ መጥታ በመስኮት ለዊንስበርት አንድ ፌስታል አቀበለችው፤ የመንገድ ስንቅ ነው ብላ። ደረቅ ኮኮናትና የበርበሬ ቅጠል ነው። ቀምቼው ገደል ወረወርኩት። እሷ ግን እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው እጇን እያውለበለበች ቀረች።

ነዳሁ።

መንገዱ ላይ አንድም ሸርጣን አልነበረም። በግራና በቀኝ ጠርዝ ላይ ተደርድረው ቆመዋል። በሺህ የሚቆጠሩ። አንዱ እንኳ አልተሻገረም። እስክናልፍ ጠበቁን።

ያረፍንበት ቤት ስንደርስ ያየሁትን ሁሉ ነገርኩት። ጨው በውሃ በጥብጬ አጠጣሁት፣ እንዲያስመልስ ጀርባውን ደበደብኩት። ጠብ አላለም። ሆዱን እያሻሸ እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ነገር በዕድሜዬ በልቼ አላውቅም አለኝ። የነገርኩት ነገር አላስጠላውም! እንደዚያ የሚያንገሸግሽ ነገር ነግሬው ፊቱን እንኳ አላኮማተረም። ያን ሌሊት ዓይኔን አልከደንኩም። ያኛውን ባሌን ካስታመምኩ ወዲህ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ጠዋት ለፖሊስ አመለከትኩ። ሁለት ሰዎች ሄደው አይተው መጡ። አሮጊቷ ጨዋ ናቸው፣ በርሜሉ ታጥቦ ባዶውን ነው ያለው አሉኝ። አንደኛው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነበር የሚያወራኝ። ምሳ ጋብዘዋቸዋል።

ወደ አሪማ ተመለስን።

ዊንስበርት ምግብ እምቢ አለ። ያ በሊታው ሰውዬ! ሩዝ አቀረብኩለት፣ ዶሮ ጠበስኩለት፣ የሚወደውን የአሳማ ጭራ ሰራሁለት። ሽታው ያስጠላኛል እያለ ፊቱን ያዞራል። የሚበላው ደረቅ ኮኮናትና ጥሬ በቆሎ ሆነ። አጥር ላይ ካለችው ቃሪያ ቅጠሏን እየቀነጠበ ሲያኝክ እህቱ አይታው ሀኪም ቤት ወሰድነው። ሀኪሙ መረመረውና እንዲያውም ጤንነቱ ተሻሽሏል አለን። ቆዳው ጠርቷል። እኔ ልቤ ያውቃል። እየለቀቀኝ ነው... ከእጄ እየወጣ ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ?

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ቤቱን የኮኮናትና የጦስኝ ሽታ ሞልቶታል። ተመስገን፣ አማረው ማለት ነው፣ ራሱ እያበሰለ ነው አልኩ። ደስ አለኝ። ጠራሁት።

ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ውሃ በሚጠፋ ጊዜ የምናጠራቅምበት በርሜል አለን። ውሃው መሬት ላይ ተደፍቷል። በርሜሉ አጠገብ ሸሚዙ ታጥፎ፣ ጫማው ጎን ለጎን ሆኖ ተቀምጧል።

ክዳኑን አነሳሁት።

ጉልበቱን ደረቱ ላይ ሰብስቦ ተቀምጧል። ጭኑ ላይ በቆሎ አለ። ፊቱ የሰላም ፊት ነው። ቀና ብሎ ሳቀልኝ።

"ዊንስ... ውጣ። እባክህ።"

"ትንሽ ነው የቀረኝ ዶሪዬ" አለ ቀስ ብሎ። "ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫኝልኝ።"

አለቀስኩ። ክንዱን ይዤ ጎተትኩ። ውጣልኝ፣ እንዳታስቀረኝ፣ እንደ ፊተኛው ትተኸኝ እንዳትሄድ አልኩት። አልተነቃነቀም። ወደሱ ጎንበስ ስል ደግሞ ጠረኑ መጣልኝ።

የላብ አይደለም። የሰው አይደለም። ኮኮናት፣ ጦስኝ... ንጹህ፣ ጣፋጭ ጠረን ነው።

አፌ ምራቅ ሞላ።

በሕይወቴ ብዙ ነገር ተጸይፌያለሁ። የዚያን ሰዓት የገዛ ምላሴን የተጸየፍኩትን ያህል ግን ምንም ነገር አስጠልቶኝ አያውቅም። ክዳኑን ጥዬ እህቱ ጋ ልደውል ወደ ቤት ሮጥኩ።

ወጥ ቤት ትልቁ ድስት ተጥዷል። የኮኮናት ወተቱ ይንተከተካል። ድብልብሉ ሊጥ ከላይ ተንሳፍፎ ይገላበጣል።

ዊንስበርት ሊጥ ማቡካት አያውቅም። ከኔና ከሱ በቀር ቤቱ ውስጥ ሰው የለም። እኔ ደግሞ ገና ከገበያ መግባቴ ነው።

ስልኩን ላነሳ እጄን ዘረጋሁ... እጄን አየሁት።

ጣቶቼ በሙሉ፣ እስከ አንጓዬ ድረስ፣ ሊጥ ናቸው።